እናቴን እያስታመምኩ፣ ከቤት ሳልወጣ፣ በኢንተርኔት በበጎ ፈቃድ ማገልገል እችላለሁ?

የጦሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። 26 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ለመሙላት ትንሽ ሲቀረኝ ሥራዬን ለቀቅኩ። ምክንያቱ እናቴ ናት። አምና ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ንግግሯም ይያዛል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው። አባታችን በሕይወት የለም። ስለዚህ እኔ ቤት ገባሁ።

ቅሬታ የለኝም። እናቴ ናት። ግን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቀይ መስቀል ክበብ አባል ነበርኩ። ክረምት ሲመጣ የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድስ ነበር። ጭቃ አቡክቼ፣ ግድግዳ መርጌ፣ ማታ እጄ ተሰነጣጥቆ ስገባ የነበረኝ ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል። አሁን ከግቢው በር አልፌ የምሄደው ፋርማሲና ገበያ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ትንሽ ሰፋ ላለ ነገርም መጥቀም ናፈቀኝ።

ጊዜ አለኝ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ትተኛለች። ማታም ከሦስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ጭጭ ይላል። ያለኝ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ በሃያ ደቂቃ ይጠፋል። ኢንተርኔቱ የስልኬ ዳታ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ መናገር ላይ ግን እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ «የተባበሩት መንግሥታት የኦንላይን በጎ ፈቃደኛ ምዝገባ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ጻፍኩላቸው። መመዝገቢያ 1,500 ብር አሉኝ። ይሄ ነገር እውነት ነው? እውነት ካልሆነስ እውነተኛው የቱ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ሰዓት እገኛለሁ ብዬ ቃል መግባት አልችልም። እናቴ አንዳንድ ቀን ይብስባታል። ያን ቀን ምንም አልሠራም። እንዲህ ያለ ሰው ይፈለጋል?


የካዛንቺሱ

እህቴ፣ አንዲት ብር እንዳትከፍዪ! እኔ እንዲሁ ባለ ማስታወቂያ 2 ሺህ ብር ተበልቻለሁ። ብሩን በላክሁ በማግስቱ ቻናሉ ጠፋ።

የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች የሚባለው ድርጅት በእርግጥ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ነው። የኦንላይን አገልግሎቱም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ግን ምዝገባው ነፃ ነው፣ ራስሽ ድረ ገጻቸው ላይ ትመዘገቢያለሽ፣ 18 ዓመት መሙላት በቂ ነው። መካከል ላይ ቆሞ ብር የሚቀበል ሰው የለም። ገና ሳትተዋወቁ የመታወቂያሽን ወይ የፓስፖርትሽን ፎቶ በቴሌግራም ላኪ የሚልሽንም እንደዚያው እለፊው።

ሌላ ደግሞ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ሰው ይፈልጋል። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የእኛ ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለ ደሴ ያለውን ገጽ እስቲ ግቢና እዪው፤ ብዙ የምትጨምሪበት ታገኛለሽ። ሰዓት የሚጠይቅሽም የለም።


የሌሊት ፈረቃ

ልጄ ልበልሽ፤ የእኔም ልጅ ዕድሜሽን እየተጠጋች ነው። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው። ሥራዬ ከአንድ ሕንፃ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። መስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሌሊቱን እጠብቃለሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት እወጣለሁ። ከሌሊቱ ሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መኪና ዝር አይልም። በዚያ ሰዓት ነው ካርታ የምሠራው።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለአንቺ የምመክርሽ ነገር ከዚያው ይወጣል።

በኮቪድ ጊዜ ቤታችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። በዚያ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ 12ኛ ክፍልን ለመጨረስ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስመዝገብ አለበት። ሁሉ ነገር ተዘግቶ ስለነበር ልጄ ከቤት ሆና የምትሠራው ነገር ፈለገች። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ነገር አገኘች። እንደ ዊኪፔዲያ ማንም ገብቶ የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው የተጀመረው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ገብቼ ቡና ስጠጣ ጠራችኝ። «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ቤት ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ከሰማይ የተነሳ የሀገራችን ገጠር ነው። ማሳው፣ ቦረቦሩ፣ የቁልቋል አጥሩ። ቆሜ ቀረሁ። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሀያ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ነገር ነው ያሳየችኝ።

ሥራው ፎቶው ላይ የሚታየውን ቤት እየከበቡ ካርታው ላይ ማስገባት ነው። ልጄ ክብ የሆነውን ነገር ሁሉ ጎጆ ነው ብላ ከብባዋለች። ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ነበር። ከአሥራ አንዱ ቤት የሆኑት አራቱ ብቻ ናቸው። ሦስቱ አውድማ ነበሩ። አራቱ የጭድ ክምር። ልጄ ጥፋት የለባትም። አሜሪካ ተወልዳ አውድማ የት ታውቃለች? እንደ እሷ በኢንተርኔት ካርታ የሚሠሩት የጀርመንና የጃፓን ልጆችም አያውቁም። ሌሊት ሌሊት ተቀምጠው በቅን ልቦና የጭድ ክምር ይከብባሉ።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ጎጆ ጣሪያው ሾጣጣ ነው። ፀሐይ አንዱ ጎኑ ላይ ስታርፍ ሌላው ጎኑ ይጠቁራል፣ መሬት ላይም ጥላው ይወድቃል። አውድማ ጥላ የለውም። መሬት ነው። በእበት ተለቅልቆ ስለሚደርቅ ከዙሪያው ማሳ ተለይቶ ለስለስ ብሎ ይታያል። አስቸጋሪው ክምር ነው፤ እሱ ጥላ አለው። ግን ወደ ክምር መንገድ አይገባም። ወደ ጎጆ ግን ሁልጊዜ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ ውሃ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚወጣበት፣ ጎረቤት የሚመጣበት። ያንን ነጭ ክር ተከትለሽ ስትሄጂ ደጃፉ ላይ ያደርስሻል። ደግሞ ፎቶው የተነሳው በታኅሣሥና በጥር ከሆነ ክምሩ ይበዛል። ወቅቱ እህል ታጭዶ የሚወቃበት ነውና።

ቤተ ክርስቲያንንም በዛፉ ታውቂዋለሽ። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ ሆኖ መሃል ላይ አንድ ክብ ጥቁር ደን ካየሽ፣ ጽድና ወይራ ነው፣ ውስጡ ታቦት አለ። ፈረንጆቹ ደን ብለው ብቻ ያልፉታል። ወደ እሱ የሚገቡትን መንገዶች ቁጠሪያቸው፤ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡት።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ትዪ ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጊኒ ውስጥ ኢቦላ ሲነሳ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጌኬዱ በምትባለው ከተማና አካባቢዋ የሚሠሩበት በቂ ካርታ አልነበራቸውም። በሽተኛው «የእገሌ መንደር ሰው ነኝ» ይላል፣ መንደሩ የት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ከየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እያዩ በቀናት ውስጥ ሳሉላቸው። በዚያው ዓመት ሚሲንግ ማፕስ የሚባለው ትብብር ተመሠረተ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቀይ መስቀሎች፣ ሆት የሚባለው የካርታ ፈቃደኞች ድርጅትም አሉበት። ሥራው ገና ችግር ሳይመጣ ካርታው ላይ የሌሉ ሰዎችን ካርታው ላይ ማስገባት ነው። የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ስንት ቤት እንዳለ ማወቅ አለበት። ልጄ የከበበቻቸው ሰባት የሌሉ ቤቶች እንዲሁ ቢቀሩ ኖሮ፣ አንድ ሰው ለሰባት የጭድ ክምርና አውድማ መድኃኒት ተሸክሞ በእግሩ ይሄድ ነበር። ይሄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሆት የሚጠቀምበት ታስኪንግ ማናጀር የሚባል ገጽ አለ። ካርታው በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ነው። አንድ ካሬ ትመርጫለሽ፣ በስምሽ ይቆለፋል፣ ሌላ ሰው አይገባበትም። ከሠራሽው በኋላ ልምድ ያለው ሰው ይፈትሸዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረስሽ ቁልፉ ራሱ ይለቀቃል። ስለዚህ እናትሽ ከጠራችሽ እስከዚያ የሠራሽውን አስቀምጠሽ ተነሺ። ማንም አይቀየምሽም። የቀረውን ሌላ ሰው ያነሳዋል። ካርታው የሚሳልበት አይ ዲ የሚባለው መሣሪያ ብሮውዘር ላይ የሚሠራ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል። ጎጆ ስትስዪ ዙሪያውን አራት አምስት ቦታ ነክተሽ ኦ የምትለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጫኚ ራሱ ክብ ያደርገዋል። ለቆርቆሮ ቤት ደግሞ ኪው፤ ማዕዘኑን ያቀናዋል። ማውስ ግዢ። በላፕቶፑ መዳሰሻ ከሠራሽ ክንድሽ ያልቃል።

ፎቶው ዳታ ይበላል፤ እውነቱን ልንገርሽ። የሌሊት ፓኬጅ ከተጠቀምሽ ግን ይቀላል። የሠራሽው ሁሉ ለዓለም ክፍት ሆኖ ስለሚታይ የመጠቀሚያ ስምሽን እውነተኛ ስምሽ አታድርጊው። በካርታው ላይም የማንንም ሰው ስም አትጻፊ። የከበደ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ቤት ብቻ።


ተርጓሚ ነበርኩ

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው እውነቱን መናገር አለበት።

እኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት አራት ወር በነፃ ተርጉሜያለሁ። 43 ገጽ። ስለ እናቶች ጤና ነበር። ከሥራ በኋላ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ጭምር። ልኬ ስጨርስ በኮምፒውተር የሚላክ አንድ መስመር ምስጋና መጣ። ከዚያ ዝም። ታተመ? ተጣለ? ማን አነበበው? ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። መልስ የለም። ሥራ ፍለጋ በምንንከራተትበት አገር የእኛ ጊዜ ዋጋ የለውም ብለው የሚያስቡ አሉ።

እህቴ፣ ጉልበትሽን የምትሰጪ ከሆነ ቢያንስ የምስክር ወረቀት የሚሰጥሽን፣ ለነገ ሥራሽ የሚጠቅምሽን ምረጪ። አካውንታንት ነሽ። ጥሩ ሙያ ነው።


ነርሷ

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ሕመማቸው ገብቶኛል። እንዲህ ያለ ነገር በእኔም ላይ ደርሷል። ትርጉምን ግን በጅምላ እንዳትተዉት ልለምናችሁ።

እኔ ፍራንክፈርት ሆስፒታል እሠራለሁ። በእረፍት ቀኔ የጤና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የተጻፈ ወረቀት መጣልኝ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ተርጉሞታል፤ የእኔ ሥራ ማረም ነበር። «ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ለድርቀት ይጋለጣል» ይላል። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። እኔም አሳልፌው ነበር።

ማታ ደብረ ታቦር ያለችውን አክስቴን ስደውልላት ለሙከራ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «እንዴት ነው ነገሩ ልጄ? ተቅማጥ ይዞት ሳለ ደግሞ ድርቀት እንዴት ይይዘዋል?» አለችኝ። በእሷ ጆሮ ድርቀት ማለት የሆድ ድርቀት ነው። ልክ ናት። ከማጀት እስከ ገበያ ድረስ ሰው ድርቀት ሲል እሱን ማለቱ ነው። ወረቀቱ እንዲያ ሆኖ ቢታተም አንዲት እናት ልጇ የሚያስቀምጠው ስለሆነ «እንግዲያው ድርቀት የለበትም» ብላ ትረጋጋ ነበር።

በማግስቱ እንዲህ ብዬ ቀየርኩት። «ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ ያልቅበታል። አፉ ይደርቃል። ሽንቱ ያንሳል። ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም። ዓይኑ ይጎደጉዳል።» ስለ ኦአርኤስም «አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ» የሚለው ላይ አክስቴ «አንድ ሊትር ምን ያህል ነው?» አለችኝ። «ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ» ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ አንድም ጽሑፍ ለአክስቴ ሳላነብ አልክም። እሷም አሁን ስልክ ሳነሳ «ዛሬስ ምን ይላል?» ትለኛለች።

ይሄን ማንም መዝገበ ቃላት አይነግርሽም። አንቺ ደግሞ ደሴ ነሽ፣ እናትሽን የምታስታምሚ ነሽ። ስለ ስትሮክ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢመጣልሽ የትኛው ቃል እንደሚያስደነግጥ፣ የትኛው እንደሚገባ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ።

ላፕቶፑ ጋ መቀመጥ በማትችዪበት ቀን ደግሞ ኮመን ቮይስ የሚባለውን የሞዚላን ሥራ ሞክሪ። ስልክ ይበቃል። የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ይመጣልሻል፣ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፤ አምስት አምስት እያደረገ ነው የሚያመጣው። ወይም ሌላ ሰው ያነበበውን ሰምተሽ ልክ ነው አይደለም ትያለሽ። ኮምፒውተር አማርኛ ሰምቶ እንዲጽፍ የሚማረው ከእንደዚህ ያለ ድምፅ ነው። የአዲስ አበባ ድምፅ ብቻ ከሰማ የወሎን ሰው አይረዳም። እንደምትናገሪው አንብቢ፣ አታስተካክዪ። ድምፅሽ ማንም ሊጠቀምበት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንደሚወጣ ግን አስቀድመሽ እወቂ። ያ የማይመችሽ ከሆነ ማዳመጡን ብቻ ሥሪ።


የሌሊት ፈረቃ

ተርጓሚ ለነበርከው ወንድሜ፦ አራት ወር ሙሉ ደክመህ መልስ መከልከል በደል ነው። እኔ አሁን አንድ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የሠራሁትን የት ነው የማየው? ካርታው ላይ መስመር ስስል በዚያው ሌሊት ይታየኛል። ማን እንዳረመው፣ ምን እንዳለ ጭምር። ዊኪፔዲያም እንዲሁ ነው። የት እንደሚደርስ የማይነግሩህ ከሆነ 43 ገጽ አትስጣቸው፤ ሁለት ገጽ ስጥና ምን እንዳደረጉበት እይ።

ስለ ክፍያው ግን ካንተ እለያለሁ። ቀበሌያችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት ደመወዝ አይጠይቅም። ይሄንንም እኔ የማየው በዚያ ዓይን ነው። ድንኳኑ ራቅ ስላለ ነው ልዩነቱ። ልጂቱም የጠየቀችው መጥቀም ስለናፈቃት ነው። የምስክር ወረቀት ቢመጣ እሰየው።

ለየጦሳዋ፦ ስለ ቃል መግባት ያልሽው ከልቤ ገብቷል። ቃል መግባት የሚፈልግ ሥራ አለ፤ ለምሳሌ ተማሪ በቪዲዮ ማስጠናት። ልጁ በሰዓቱ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። እሱን ለአሁኑ ተዪው። ካርታና ማዳመጥ ግን ማንንም አያስጠብቁም። ከቡድን ጋር ከገባሽ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «እናቴን አስታምማለሁ፣ አንዳንድ ሳምንት እጠፋለሁ» ብለሽ ጻፊላቸው። የሚከፋው ሰው ሳይናገር ሲጠፋ ነው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት አለሁ። ያው ለእናንተ ጠዋት ነው። የከበደሽን ካሬ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።


የጦሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም በድጋሚ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። እናቴ የሳንባ ምች ይዟት ነበር፤ አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብር ጠያቂዎቹን ዘግቻቸዋለሁ። ማውስ ገዛሁ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ካርታውን ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ካሬ ሠራሁ፤ አንዱ ጸደቀልኝ። ሁለተኛው «ተጨማሪ ሥራ ይፈልጋል» ተብሎ ተመለሰ። የፈተሸው ሰው በእንግሊዝኛ በትሕትና ነው የጻፈልኝ፤ «እነዚህ ትንንሽ ክቦች ቤት ለመሆን አንሰዋል፣ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?» አለኝ። ስምንት ነበሩ። ሁሉም ከግቢው ግድግዳ አጠገብ፣ ትንንሽ፣ ጥቁር። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ጥላቸውን አየሁ፤ ጥላ አላቸው። የእግር መንገዱን አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ስለሆኑ መንገዱም አለ። አውድማ አይደሉም። የጭድ ክምር ብዬ እንዳልል ቀለማቸው ጠቆረ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ግራ ገባኝ።

እናቴ የደላንታ ሰው ናት። ደሴ የገባችው አግብታ ነው። አልጋዋ ላይ ደግፌ አስቀምጫት ሾርባ እያጠጣኋት ነበር። ላፕቶፑ ወንበሩ ላይ ክፍት ነበር። ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደህናውን እጇን አንስታ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ይወስድባታል፤ ጠበቅኳት።

«ኩበት» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እንጨት የለም ደጋ ላይ፤ በጋውን ሙሉ ኩበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ለክረምት ይከመራል፣ ዝናብ እንዳይነካው ከላዩ በእበት ይመረጋል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ሄጄ አይቼው ነበር፣ ረስቼው ነው። ለሰውየው ጻፍኩለት፦ ይህ ቤት አይደለም፣ የክረምት ማገዶ ነው፣ እናቴ ነግራኝ ነው አልኩት። ስምንቱን አጥፍቼ መልሼ ላክሁ። በማግስቱ ጸደቀ። እሱም «ይህን አላውቅም ነበር፣ ለሌሎች ፈታሾችም እነግራቸዋለሁ፣ እናትሽን አመስግኚልኝ» ብሎ ጻፈ። ተርጉሜ አነበብኩላት።

አሁን ከሰዓት በኋላ ስትነቃ ላፕቶፑን ራሷ በዓይኗ ትፈልገዋለች። ትናንት አንድ ካሬ ላይ ወንዝ አሳየችኝ። ማለት የምትፈልገው ብዙ ነው፤ የሚወጣው ጥቂት ነው። ግን ትጠቁማለች።

ነርሷ እህቴ፣ ስለ ስትሮክ የተጻፈ የሚታረም ነገር ካለሽ ላኪልኝ። ሁለት ገጽ ብቻ፣ ከዚያ እናያለን። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎም በደጋው በኩል ሲሠሩ ከግድግዳ ሥር ትንሽ ጥቁር ክብ ካዩ አይክበቡት፤ ኩበት ነው። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። በድንጋይ ካብ የታጠረ ክፍት ክብ አለ፣ ጣሪያ የለውም፣ ውስጡ ባዶ ነው። እናቴ «በግ» ትላለች። በረት ማለቷ ይመስለኛል። እሱ ይሳላል ወይስ ይቀራል? የካሬውን ቁጥር በውስጥ ልኬልዎታለሁ። ሐሙስ እጠብቃለሁ።